የሰፈር ጸጥታና የመሐንዲሱ ድርሻ
(ጉለሌን ምሳሌ በማድረግ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የከተማ ጸጥታ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የአብዛኛው ሰው ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሌባው ተያዘ ወይስ አመለጠ፣ ፖሊሱ በሰዓቱ ደረሰ ወይስ ዘገየ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ሌባው ያመለጠበትን ጨለማ መንገድ ማን ቀየሰው፣ ፖሊሱስ የተጠራበትን ቤት ፈልጎ ያጣው ስለ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አንሥቶ፣ የመልሱ አንዱ ክፍል በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ እንደሚገኝ ማሳየት ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው የጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። ጉለሌ ስሙን ያገኘው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በስፍራው ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ከተማው መካከል የሚወርድ ሲሆን፣ የሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ፣ የአዲሱ ገበያን ሰፈርና የቅዱስ ጳውሎስን ሆስፒታል በውስጡ ይዟል። የሕዝቡም ኑሮ በቀን ብርሃን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለብዙ ዘመን ማገዶ ለቃሚ ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ ጫካ ሲወጡ ኖረዋል፤ ሸማኔው በዓል ሲቃረብ እስከ እኩለ ሌሊት ከመወርወሪያው አይለይም፤ አስታማሚውም ስንቅ ይዞ በማንኛውም ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይመላለሳል። እንግዲህ የጉለሌ ጸጥታ የሚለካው፣ አንዲት እናት ከንጋት በፊት ከቤቷ ወጥታ በሰላም መመለስ በመቻሏና ባለመቻሏ ነው።

በአገራችን የጸጥታ ጥበቃ ከፖሊስ መሥሪያ ቤት የቀደመ ታሪክ አለው። በገጠሩ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ድረስ የሚያዝበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። በአዲስ አበባም የአራዳ ዘበኛ የከተማውን ጸጥታ ይጠብቅ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ መሠረት ተደራጀ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነዋሪውን በቀበሌ አሰባሰበ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችም ለየሰፈሩ ተመደቡ። ነገር ግን ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠብቅ የተዘረጋው መዋቅር፣ ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት ሆነ፤ ብዙ ወጣትም በዚሁ ጠፋ። ይህ የሚነሣው ያለፈውን ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። የሰፈር ጥበቃ በሕግ ካልታጠረ ራሱ ሥጋት እንደሚሆን ለማስታወስ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአገራችን መሠራት የጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት ከዚህ የተለየ መንፈስ አለው። ፖሊሱ በአንድ ቀጠና ተመድቦ ነዋሪውን በስም እንዲያውቅ፣ ነዋሪውም ፖሊሱን ሳይፈራ እንዲያነጋግር፣ የእድርና የሰፈር ሽማግሌዎች ጠቡን ወንጀል ሳይሆን እንዲያበርዱት የታሰበ ነው። ጃፓኖች ኮባን ብለው በሚጠሯቸው ትንንሽ የሰፈር ጥበቃ ጣቢያዎች ተመሳሳይ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት ኖረዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል ለፖሊስም ይሠራል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የቅርቡ ፖሊስ ሥራውን እንዲሠራ የሰፈሩ አቀማመጥ ሊያግዘው ይገባል። የመሐንዲሱ ድርሻ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው የአድራሻ ጉዳይ ነው። በነባሮቹ ሰፈሮች የቤት ቁጥር የተሰጠው በቀበሌ መዝገብ እንጂ በመንገድ ተራ ስላልሆነ፣ አንዱ ቁጥር ከሌላው አጠገብ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በሌሊት እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን ከመናገር ይልቅ ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ቀጥሎ እያለ ለማስረዳት ይገደዳል። ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ፣ ባሕር ዛፉም ከተቆረጠ ምልክቱ ጠፋ ማለት ነው። በዚህ መካከል የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ ለተደብዳቢው፣ ለምጥ ለተያዘችው ሴት፣ እሳት ለተነሣበት ቤት ውድ ዋጋ አለው። ለየመንገዱ ስም፣ ለየበሩም ተከታታይ ቁጥር መስጠት የቀያሽና የካርታ ሠሪ ሥራ ነው፤ ከብዙ የጥበቃ መሣሪያም ይረክሳል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው ችግሩ የመብራት ማነስ ብቻ አይደለም። አንድ እጅግ ኃይለኛ አምፖል በአንድ ምሰሶ ላይ ሲሰቀል፣ የመንገደኛውን ዓይን አጥበርብሮ ከአጠገቡ ያለውን ጥግ ከበፊቱ ይልቅ ያጨልመዋል፤ አድፋጩም የሚመርጠው ያንኑ ጥግ ነው። ለጠባብ የእግር መንገድ የሚስማማው መጠነኛና ተመጣጣኝ ብርሃን በአጭር ርቀት ማዳረስ ነው። ከተተከለም በኋላ የተቃጠለውን አምፖል ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚተካ ካልተወሰነ፣ ምሰሶው የቆመ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ከብርሃን ጋር የሚሄደው የሰው ዓይን ነው። ጄን ጄከብስ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የመንገድን ሰላም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን በመንገዱ ላይ የሚኖረውና የሚመላለሰው ሕዝብ ዓይን ነው ስትል ተከራክራለች። የጉለሌ ሰው ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። በሯን ገርበብ አድርጋ ጥጥ የምትፈትል እናት፣ በማዕዘኑ ላይ በቆሎ የምትጠብስ የጉሊት ነጋዴ፣ ደጁ ላይ ድር የሚያደራ ሸማኔ ያለ ደመወዝ የሰፈሩ ጠባቂዎች ናቸው። በአንጻሩ በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል የተተወ ቀጭን መተላለፊያ ዓይን የሌለው መንገድ ነው። ንድፍ አውጪው ግንቡን ሲያስረዝም ወይም ለጉሊቷ ቦታ ሳይተው መንገዱን ሲያሰፋ፣ አንዲት ጠባቂ ከሥራ እንዳሰናበተ ሊያስብ ይገባዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ቁልቁለቱ ነው። ከእንጦጦ አናት ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚነሣ ነው። አንድ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 300 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ29 ሚሊዮን ጁል በላይ ነው፤ ይህ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ቢያርፍ፣ ሙቀቱ ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍላት ያደርሳል። በከባድ ማርሽ ያልወረደ ሹፌር ፍሬኑ ግሎ እንቢ ቢለው የሚያስገርም አይደለም። ከታች የሚጠብቀው ደግሞ በሸማ ገዢ የተጨናነቀ ገበያ ነው። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ የጋለ ፍሬን አያቀዘቅዝም። መኪናውን የሚያቆመው ከቁልቁለቱ በፊት የተተከለ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ በአቀበት በኩል የተዘጋጀ የማምለጫ መስመርና እግረኛውን ከመኪናው የሚለይ መንገድ ነው። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ይልቅ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የመምታት ኃይል አለው።

ክዳን የሌለውም ቦይ ከዚሁ ይቆጠራል። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቦዩን ሲሞላው መንገዱና ጉድጓዱ አይለዩም። በዚያ ላይ የወደቀ ሕፃን የወንጀል ሰለባ ባይባልም፣ ለወላጁ ኀዘኑ አንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ይቀራል። በየምሰሶው ካሜራ መትከል የጸጥታ መፍትሔ ሆኖ በሚቀርብበት በዛሬው ጊዜ፣ ካሜራ የሆነውን ነገር እንደሚመዘግብ፣ የወደቀውን ግን እንደማያነሣ መዘንጋት የለበትም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት፣ በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱን ደንግጓል። የሚታየው ምስል በማን እጅ እንደሚገባ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ያልተወሰነለትን መሣሪያ የሚተክል መሐንዲስ ከኃላፊነት ነጻ ሊሆን አይችልም። የሰፈር ጸጥታ መሠረቱ እምነት ነው፤ ነዋሪው ፖሊሱን ካላመነው ያየውን አይነግረውም፤ ካልነገረው ደግሞ ብርሃኑም ካሜራውም ከንቱ ነው። እድርተኛው ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለሌሊት ጩኸትም የሚደርሰው ስለሚተዋወቅ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ አዲስ ሲሠራ፣ የሚተዋወቁት ጎረቤቶች አንድ ላይ እንዲሰፍሩ ማቀድ ከጸጥታ ሥራ አንዱ ነው።

ክቡራን ባልደረቦች፤

ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ማንኛውም የመንገድ፣ የቦይ ወይም የቤቶች ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በቀጠናው ለተመደበው ፖሊስና ለእድሩ ሽማግሌዎች ይታይ፤ ንድፍ አውጪውም ቢያንስ አንድ ጊዜ ቦታውን በሌሊት በእግሩ ይሂድበት። በቀን የተሳለው መስመር በሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል በየቀኑ በእጁ ይፈትነዋል፤ አንዱ ክር ቢላላ ሸማው ይዛነፋል። በሰፈሩ ጸጥታ ላይም ፖሊሱ አንዱ ክር፣ ነዋሪው አንዱ ክር ነው። የመሐንዲሱም ክር ላልቶ እንዳይገኝ አደራ።