ማሽኑን ከመግዛታችን በፊት
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ጠረጴዛ ላይ ስለምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሚሊንግ ማሽን ነው። ቶርኖ ብረቱን ያዞራል፤ ሚሊንግ ግን መቁረጫውን፣ ማለትም ካተሩን እያዞረ ብረቱን ይልጋል፣ ቦይ ያወጣል። የወፍጮ ዘንግ ላይ ቦይ ለማስወጣት ሰው ገንዘብ ይከፍላል።

መርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራን የማያውቅ የለም። ስሙ ራሱ ሴትን ይጠይቃል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው በርሜልና ላሜራ እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። እኛ ሴቶች ግን በአብዛኛው አሮጌውን ሸጠናል፣ የተሠራውን ቸርችረናል፤ ከመሣሪያው ጋር የቆምነው ጥቂቶች ነን። ትርፉ ያለው ደግሞ ብረቱ ዕቃ በሚሆንበት ቦታ ነው።

ስምንት ሆነን መማር ከጀመርን ወዲህ የተረዳነው ነገር አለ፤ የማሽኑ ዋጋ የሥራው ዋጋ አይደለም። ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ፣ የሚለካ ካሊፐር፣ በየመጠኑ ካተር ያስፈልጋል። በመዝገባችን ማሽኑ ቋሚ ንብረት ነው፤ ካተሩ ግን አላቂ ዕቃ ነው። ለደንበኛ ዋጋ ስንናገር ይህን ካላሰብን በኪሳራ እንሠራለን።

ካተርን ቶሎ የሚጨርሰው ያልታሰበ ፍጥነት ነው። ለተራ ብረት፣ ካተሩ ከሃይ ስፒድ ስቲል የተሠራ ከሆነ፣ ጥርሱ በደቂቃ ወደ 25 ሜትር እንዲጓዝ እናሰላለን። 25ን በ1000 እናባዛለን፤ ውጤቱን በ3.14 ከዚያም በካተሩ ውፍረት በሚሊ ሜትር እናካፍላለን። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ በደቂቃ ወደ 800 ዙር፣ ባለ 20ው ወደ 400 ዙር ይደርሰዋል። ብረቱን ከልክ በላይ ቀስ ብለን ከገፋን ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ይፋተጋል፤ ይደነዝዛል። በትንሽ ማሽን ደግሞ ብረቱን ካተሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ እንገፋለን፤ አለዚያ ካተሩ ብረቱን ወደ ራሱ ስቦ ሊሰበር ይችላል።

ስለ ደኅንነትም እንናገር። ማሽኑ ጋ ነጠላ አይለበስም፤ ጸጉር በሻሽ ይታሰራል፤ ቀለበትና አምባር ይወልቃል። ጓንትም ክልክል ነው፤ ተይዞ እጅን ይጎትታል። የዓይን መነጽር ግዴታ ነው። ፍቅፋቂው የሚጠረገው ማሽኑ ከቆመ በኋላ፣ በብሩሽ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለማሽን መግዣ የታሰበው ገንዘብ በሙሉ ለማሽኑ አይዋል። ከፊሉ ለሞርሳ፣ ለካሊፐርና ለካተር ይያዝ፤ ከፊሉ ደግሞ ከመርካቶ ብዙም በማይርቁ፣ እንደ ተግባረ ዕድ ባሉ ኮሌጆች ለሥልጠና ይዋል። ደጋፊዎቻችን፣ ለሪፖርት ፎቶግራፍ የሚያምረው ማሽኑ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን የሚሠራበት ሰው ከሌለ በላስቲክ ተሸፍኖ አቧራ ይጠጣል። በየሳምንቱ ከጉሊት ትርፋቸው ቀንሰው የሚቆጥቡ እናቶች ገንዘብም አብሮበት አለ።

ውሳኔውን ለእናንተ እንተዋለን።