አምፖል ከመግዛታችን በፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ፍሎረሰንት አምፖል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንዲት እናታችን ልጃቸውን ቀብረው በተቀመጡበት ማታ የድንኳናችን መብራት አልበራም፤ ለቀስተኛውም በሻማ አመሸ። ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም፤ የኛ የኮሚቴዎቹ ነው። የተቃጠለውን አምፖል ሳንይዝ ሄደን «ረጅሙን ስጠን» ብለን ገዛን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸ ነው። እሳቸው አልወቀሱንም፤ እኛ ግን አፈርን።

ዕድሜአችንን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፍን ስለሆንን ባላስት የሚባለውን አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠይቀን የተረዳነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ውፍረት ነው። ቲ12 የሚባለው 38 ሚሊ ሜትር፣ ቲ8 26፣ ቲ5 ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። የቲ12 እና የቲ8 እግሮች እኩል ስለሚራራቁ በአንድ ማቀፊያ ይገባሉ። የቲ5 እግሮች ግን የተቀራረቡ ናቸው፤ ቁመቱም ያጥራል። ባለ 28 ዋቱ 115 ሳንቲ ሜትር ግድም ሲሆን የድንኳናችን ማቀፊያ የ120 ነው። እኛ የገዛነው እሱኑ ነበር!

ሁለተኛ፣ ዋት ነው። 60 ሳንቲ ሜትሩ ወፍራሙ 20፣ ቀጭኑ ቲ8 18 ዋት ነው፤ 120ው 40 እና 36፣ 150ው 65 እና 58 ነው። ስታርተርና የድሮው ዓይነት ከባድ ባላስት ባለው የ220 ቮልት ማቀፊያ በ40ው ፋንታ 36ቱ ቢገባ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ወይም ጫፍና ጫፉ ብቻ ሲቀላ አምፖል ለመግዛት አንቸኩል። ብዙ ጊዜ የደከመው ስታርተሩ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። ጫፉ ከጠቆረ ግን አምፖሉ አልቆለታል።

አራተኛ፣ የተቃጠለውን አምፖል ልጆች እየሰበሩ አይጫወቱበት። ውስጡ ሜርኩሪ አለበት። ቢሰበር መስኮት ከፍተን ጥቂት ከቆየን በኋላ፣ ስብርባሪውን በባዶ እጅ ሳንነካ በወፍራም ወረቀት እንሰብስብ።

ስለዚህ ንብረት ክፍላችን ሁለት ትርፍ አምፖልና ሁለት ስታርተር ምን ጊዜም ከድንኳኑ ጋር እንዲያስቀምጥ፣ ልኩም በመዝገብ እንዲጻፍ ጉባኤውን እንጠይቃለን። ሐዘንተኛ ዳግመኛ በጨለማ አይቀመጥብን።

ከክፉ ይሰውረን።