የዘማች ሠራዊት የስፖርት ጉዳትና የመሐንዲሱ ድርሻ



ስለ ዘማች ወታደር ጉዳት ሲነሣ በመጀመሪያ በሐሳባችን የሚመጣው ጥይትና ፈንጂ ነው። ይሁንና የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን በአውሮፕላን ወደ ሕክምና ስለላካቸው ወታደሮች የተደረገው ጥናት ሌላ መልክ ያሳያል። ከተላኩት መካከል ከመቶ 35 ያህሉ የተላኩት ከውጊያ ውጭ በደረሰባቸው ጉዳት ሲሆን፣ ለዚሁ ጉዳት ግንባር ቀደም ምክንያት ሆኖ የተገኘው ስፖርትና የአካል ማጠንከሪያ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ማለት ነው። የተሽከርካሪ አደጋ እንኳ ከዚህ ያነሰ ነበር።

ጠላት ያልነካው ወታደር በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ ከግዳጁ ሲለይ፣ ቦታውን የሚሸፍነው ጓደኛው ነው። የተበላሸው ጉልበትም ዘመቻው ካለቀ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል።

ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መድኃኒት ጨዋታውን መከልከል ነው። እኔ ይህ ይሠራል ብዬ አላምንም። ለወራት በአንድ ግቢ የተዘጋ ወጣት መጫወቱ አይቀርም፤ ሜዳ ቢያጣ በመኪና ማቆሚያው ጠጠር ላይ ይጫወታል። የካናዳ ወታደሮች በቃንዳሃር የጦር ሰፈር፣ በዚያ ሐሩር፣ የሆኪ ሜዳ ሠርተው ይጫወቱ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል? ሯጩ በድንገት ሲዞር አካሉ በጉዞው ይቀጥላል፤ ጫማው ግን ወለሉን ይዞ ይቀራል። በመካከል ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ጭነቱ ከመጠን ሲያልፍም ጅማቱ ይበጠሳል። በአንጻሩ በቤቶኑ ላይ አሸዋ ሲበተን እግር ይንሸራተታል፤ የወለሉ ጠርዝ ከመሬቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ሲቀር ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል። ሰበቃ፣ ጭነትና የከፍታ ልዩነት እኛ በየቀኑ የምናሰላቸው ነገሮች ናቸው።

የሜዳውን ሥራ ማስተካከል ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሠራዊቱ ውጭ የተደረገ አንድ ሙከራ በግልጽ ያስረዳል። በሶፍትቦል ጨዋታ ሯጩ ተንሸራቶ የሚነካው ማረፊያ በመሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር የታሰረ ነበር። በሚሺጋን የነበሩ ሐኪሞች ሲገፋ በሚላቀቅ ማረፊያ ለውጠው ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በነባሩ ማረፊያ በተካሄዱት 627 ግጥሚያዎች 45 ጉዳቶች ሲደርሱ፣ በሚላቀቀው በተካሄዱት 633 ግጥሚያዎች የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ። ጨዋታው ያው ነው፤ የተለወጠው ማሰሪያው ነው።

ሀገራችን በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ከላከች ወዲህ ሠራዊቷ በኮንጎ፣ በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ ተሰማርቷል። እንዲህ ላለ ግዳጅ የሰፈር ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ ውሃውን፣ መጸዳጃውንና መንገዱን አስልቶ ሜዳውን ለተረፈው ቦታ መተው የለበትም። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ ዓለም አቀፉ ደንብ ግን በዙሪያው ቢያንስ 2 ሜትር ነፃ ቦታ ይጠይቃል። ስለዚህ ወለሉ 420 መሆኑ ቀርቶ 608 ካሬ ሜትር ይሆናል። በጀት ሲጠብ፣ መቼም የሙያችንን ጠባይ እናውቃለን፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው 188 ካሬ ሜትር ነው፤ ተጫዋቹ ከሙሉ ሩጫው የሚቆመው ግን በእርሱ ላይ ነው። ምሰሶውም ከመስመሩ ርቆ ተተክሎ ሰሌዳውን በክንድ ወደ ውስጥ ሊዘረጋ፣ የውሃ መውረጃው ቦይም ከነፃው ቦታ ማዶ ሊቆፈር ይገባል። አሸዋውን ከጨዋታ በፊት የሚጠርግ ተረኛ መመደቡም በሰፈሩ የጥገና መመሪያ ውስጥ፣ ከጄነሬተሩ ዘይት ቅያሬ ቀጥሎ፣ እንዲጻፍ አሳስባለሁ።