ሚሲዮናውያን ከሄዱ በኋላ፦ ክርስትና በቻይናውያን ዘንድ



ከዚህ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰውን የፍጥነት መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። እኛም ቻይናዊን በመንገዱና በፋብሪካው እንጂ በእምነቱ አናውቀውም፤ «ሃይማኖት የለውም» ብለን እናልፈዋለን። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሺአን የሚገኘው፣ በ781 የቆመው ሐውልት፣ አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ወንጌልን ይዞ እንደ ገባ ይመሰክራል። ያ ክርስትና በቤተ መንግሥት ፈቃድ የቆመ ስለ ነበር፣ በ845 ፈቃዱ ሲነሣ መነመነ።

የፕሮቴስታንት ስብከት በ1807 በሮበርት ሞሪሰን ተጀመረ፤ በ1949 የምእመናኑ ቁጥር ወደ 700,000 ይገመት ነበር። ከዚያ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ በ1966 በተጀመረው የባህል አብዮትም አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ብዙዎች አበቃ አሉ። በ2018 ግን የቻይና መንግሥት ራሱ ከ38 ሚሊዮን የሚበልጡ ፕሮቴስታንቶች እንዳሉ ገለጸ።

እንዴት? ጸሎቱ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ የስብከቱን አደራ ገበሬዎችና እናቶች በገዛ ቋንቋቸው ተረከቡት።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የውጭ ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ከሃምሳ አይበልጡም ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው።

እንግዲህ የእምነትን ሥር የምንመዝነው በሰባኪው ብርታት ወይም በመንግሥት ፈቃድ ብቻ ከሆነ እንሳሳታለን፤ የተቀበለው ሕዝብ የራሱ አድርጎታል ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ጎረቤታችን የሆነውን ቻይናዊም በዚሁ ዓይን እንየው።