ደብዳቤ ተሸካሚው በሥዕል



ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓመተ ምሕረት የፖስታ ሥራ በኢትዮጵያ እንዲቋቋም ባዘዙ ጊዜ፥ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ከተማ ታተሙ። ቅርጹን የቀረጸው ኡዤን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሌሎቹ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ይታያል። ደብዳቤውን ተሸክሞ የሚሄደው ሰው ግን በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ቦታ አላገኘም።

ይህም በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። የሆላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ቬርሜር በ1663 ገደማ (ይህና የሚከተለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር ነው) የሣላት ሰማያዊ ልብስ የለበሰች ሴት ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ይዛ ስታነብ ትታያለች፤ ያመጣላት ሰው ግን ከሥዕሉ ውጭ ነው።

በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠረገላ ከ1784 ጀምሮ ይሮጥ ነበረና፥ ጄምስ ፖላርድ የተባለው ሠዓሊ ሠረገላውንና ፈረሶቹን ደጋግሞ ሣለ። ከሥዕሎቹ አንዱ ለሽማግሎች ጨዋታ የሚሆን ነው። በኦክቶበር 1816 ከአውሬ ማሳያ ያመለጠች እንስት አንበሳ፥ በሶልዝበሪ አጠገብ ከኤክሰተር ወደ ሎንዶን የሚሄደውን የፖስታ ሠረገላ አንዱን መሪ ፈረስ ያዘች። ተሳፋሪዎቹ ወደ እንግዳ ማረፊያው ሮጠው ገቡ። በመጨረሻው አንበሳዪቱ ተያዘች፤ ፈረሱም ዳነ፤ ፖስታውም ጥቂት ዘግይቶ መንገዱን ቀጠለ። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በአንበሳዪቱና በፈረሱ ላይ ነው፤ የፖስታውን ጠባቂ ስም የሚጠይቅ የለም።

የፖስታ ሠራተኛውን በስሙና በመልኩ ያሳወቀው የሆላንድ ተወላጁ ቪንሴንት ቫን ጎግ ነው። በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ ሲኖር ከዦዜፍ ሩሌን ጋራ ወዳጅ ሆነ። ሩሌን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ደብዳቤ በየቤቱ የሚያድል አልነበረም፤ በባቡር ጣቢያው የፖስታ ከረጢት ሲጫንና ሲራገፍ የሚቈጣጠር ነበረ። በወር በሚያገኘው 135 ፍራንክ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ያስተዳድር ነበረ። ቢሆንም ለመሣል ሲቀመጥ ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ከሠዓሊው ጋራ መብላትና መጠጣት በቃው። ይህም ከክፍያው ይልቅ ብዙ እንደሚያስወጣው ቫን ጎግ በደብዳቤው ጽፏል።

የመጀመሪያው ሥዕል ዛሬ በቦስተን ይገኛል። ሩሌን ወርቅማ ቍልፍ ያለው ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሶ፥ «ፖስታ» የሚል ቃል በፈረንሳይኛ የተጻፈበትን ቆብ ደፍቶ ተቀምጧል። ሰውነቱን እንደ እንጨት አድርቆ ስለ ተቀመጠ፥ ሠዓሊው ሌላ ሥዕል ጨመረለት። የሹመት ልብሱን ለብሶ ለሚታይ ሰው መቼም ይህ የተለመደ ነው።

በዲሴምበር 23 ቀን 1888 ቫን ጎግ አእምሮው ታውኮ የገዛ ጆሮውን ቈረጠ። ወንድሙ ቴዎ ከፓሪስ መጥቶ ብዙ ሳይቈይ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሆስፒታል እየጠየቀ የሕመምተኛውን ነገር ለቴዎ ከጻፉለት ሰዎች አንዱ ሩሌን ነበረ። የሰው ደብዳቤ ሲጠብቅ የኖረ ሰው አሁን ራሱ ብዕር አነሣ፤ ወንድም ስለ ወንድሙ የሚጨነቅበትን ወሬ ላከ። ሠዓሊው በጃኑዋሪ ሲወጣም አብሮት ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ወር ሩሌን ወደ ማርሴይ ተዛወረ፤ ደመወዙ ጥቂት ቢጨመርለትም ለጊዜው ቤተ ሰቡን ትቶ መሄድ ግድ ሆነበት። ቫን ጎግ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ በቀለም ሥሎታል። በ1889 ከሣላቸው አንዱ በኒው ዮርክ ነው፤ ከሩሌን ጀርባ ያለው ግድግዳ አበባ ሞልቶበታል፥ ሰማያዊው ልብስና ጽሑፍ ያለበት ቆብ ግን እንደ ነበሩ ናቸው።