የአሮጌ ካምፐር የውሃ መሥመር እድሳት



በአሜሪካ አገር በፒክአፕ መኪና ጀርባ ተጭኖ የሚጓዘው ካምፐር የተባለው ትንሽ መኖሪያ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠራው፣ ዛሬ በብዙ ወዳጆቹ እጅ ይታደሳል። አዳሹ ቀለሙን፣ የእንጨት ሥራውን፣ የነሐስ ሩቢኔቶውን እንደ ጥንቱ ለመመለስ ይጓጓል። ጉጉቱ የሚመሰገን ነው፤ በውሃው መሥመር ላይ ግን ልጓም ያሻዋል።

በዚያ ዘመን የመዳብ ቧንቧ የሚያያዘው በአብዛኛው እኩሌታው እርሳስ፣ እኩሌታው ቆርቆሮ በሆነ ስታኞ ነበር። የአሜሪካ ሕግ እርሳስ ያለበትን ስታኞ ከመጠጥ ውሃ መሥመር የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ካምፐር ለሳምንታት ቆሞ ስለሚከርም፣ በቧንቧው የተኛው ውሃ እርሳሱን እያሟሟ ይወስዳል። መልኩም ጣዕሙም አይለወጥም፤ ጉዳቱ ግን በሕፃናት አእምሮ ላይ ይበረታል።

ሁለተኛው ጠላት ውርጭ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 ያህል ይሰፋል፤ ቧንቧውን የሚሰነጥቀውም አብዛኛውን ጊዜ በበረዶውና በተዘጋው ሩቢኔቶ መካከል የታፈነው ውሃ ግፊት ነው። ስለዚህ ስንጥቁ ከበረደው ስፍራ ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሥራው አለቀ ማለት አይገባም።

የሚሻለው አሮጌውን ቧንቧ አውጥቶ፣ መጠነኛ መስፋት በሚችለው ፔክስ በተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ መተካት፣ ወደ ማፍሰሻውም ማዘንበል ነው። ለጥንታዊነት የሚቆረቆር ሰው ይህን እንደ ክህደት ይቆጥረው ይሆናል፤ ቧንቧው ግን ከቁም ሳጥን ጀርባ ነው፣ ማንም አያየውም። የነሐሱ ሩቢኔቶ በቦታው ይቆይ፤ ለእጅ መታጠቢያ ያገለግላል። ለመጠጥ የሚሆነው ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሕጉ በሚጠይቀው መሠረት፣ ውሃ በሚነካው ገጹ ያለው እርሳስ በአማካይ ከ0.25 በመቶ ያልበለጠ አዲስ ሩቢኔቶ ነው።