የባንኩ ባለቤት ማን ይሁን?

(በምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር። አገራችን በገዛ ገንዘቧ ላይ ለማዘዝ ባንኩን በ1923 ዓ.ም. ከባለአክሲዮኖቹ መግዛት ግድ ሆነባት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የባንክ ሥራን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ከለለ። በሩ በመዘጋቱ አርሶ አደሩ ተጠቀመ ወይ? የባንክ ብድር ለአብዛኛው አርሶ አደር እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ ይህን አንሸሽግም። ስለዚህ ፓርቲያችን የውጭ ካፒታልን በጭፍን አይቃወምም።

የምንቃወመው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀውን አዋጅ ቀዳዳ ነው። አዋጁ የውጭ ባለሀብቶች በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ የሚኖራቸው ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ አይለፍ ይላል። መልካም። ነገር ግን ያው አዋጅ የውጭ ባንክ ሙሉ በሙሉ የራሱ ንብረት የሆነ ተቀጥላ ባንክ እዚሁ እንዲከፍት ይፈቅዳል። የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ወለል አድርጎ መክፈት ማለት ይህ ነው!

ከመረጣችሁን፣ እንዲህ ያለው ባንክ ፈቃድ የሚያገኘው በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ 51 በመቶ አክሲዮኑን ለኢትዮጵያውያን ለመሸጥ፣ ከሚሰበስበውም ተቀማጭ ለአርሶ አደሩና ለአነስተኛ ነጋዴው ለማበደር ግዴታ ሲገባ ብቻ ይሆናል። ግዴታውን ካልፈጸመ ፈቃዱ ይሰረዛል።